ፍትሕ እየጠየቁ ጓደኝነትን ማቆየት ይቻላል? (ከሐዋሳ)

ሐይቅ_ዳር_ያደገች

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው፤ የምትችሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከሌላ ብሔር የሆነ የልብ ጓደኛ ያላችሁ፣ በሁለታችሁ ወገኖች መካከል ደም የፈሰሰባችሁ ወይም ንብረት የጠፋባችሁ ሰዎች፣ ፍትሕ መጠየቁንና ጓደኝነቱን እንዴት አንድ ላይ ይዛችሁ ኖራችሁ? “ይለፍ፣ እንርሳው” ሳትባባሉ ማለቴ ነው።

ቤተሰቦቼ ወላይታ ናቸው፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ጓደኛዬ ሲዳማ ናት። የእነሱና የእኛ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ ቡሪሳሜ የምበላው እነሱ ቤት ነው፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ ደግሞ እሷ እኛ ቤት ናት።

ሰኔ 2010 በሲዳማና በወላይታ መካከል የተነሣውን ግጭት የከተማው ሰው ያውቀዋል። ልክ የፊቼ ሰሞን ነበር። ከ10 ያላነሰ ሰው ሞተ፣ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተፈናቀለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው መጥተው ሕዝብ አነጋገሩ፣ የአካባቢው ባለሥልጣናት በፈቃዳቸው ይልቀቁ አሉ። የእናቴ የልብስ ስፌት ሱቅ የተሰበረው ያኔ ነው። ጨርቁ፣ የደንበኛ ልብስ፣ ሲንጀሯ ሳይቀር ተወሰደ። ያን ሌሊት ያደርነው ጓደኛዬ ቤት ነው። አባቷ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ቁጭ ብለው አደሩ።

ዘንድሮ ጓደኛዬ ቀሚስ ልታሳጥር እዚያው ሰፈር አንድ ቤት ገባች። ሴትየዋ የምትሰፋበትን ማሽን ስታየው አወቀችው። ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ ጥግ የከሰል ካውያ ቅርጽ ተቃጥሎ ቀርቷል። ያቃጠልነው እኛ ነን፣ ልጆች ሆነን ዩኒፎርም ስንተኩስ። የመዘውሩን ጠፍርም አባቴ ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጦ ነው የገጠመው፤ መጋጠሚያው በቀጭን ሽቦ የተሰፋ ነው። ጓደኛዬ ምንም ሳትናገር ቀሚሷን ተቀብላ ወጣችና ደወለችልኝ። አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፣ ቃሏን ሰጠች። ማሽኑ ኤግዚቢት ተብሎ ተያዘ፤ መዝገቡ አሁን ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው።

ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሰፈሩ እድር እርቅ አዘጋጅቷል። እርቅ እኔም እወዳለሁ። ለእናቴ የመጣላት ወረቀት ግን “ክሱን አንሥቻለሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ብቻ ነው። ማን ሱቁን እንደሰበረ አይጠይቅም፣ ማሽኑ ለባለቤቱ ይመለስ አይልም። ዳቦ ይቆረሳል፣ መተቃቀፍ አለ፣ አለቀ። የጓደኛዬን አባት “ልጅህ የገዛ ወገኗን እያሳሰረች ነው” እያሏቸው ነው። የእኔ ዘመዶች በበኩላቸው “ከእነሱ ጋር ምን ጓደኝነት አለ” ይሉኛል፤ ያን ሌሊት ማን በር ላይ እንዳደረ አያነሡትም።

በዝምታ የሚገዛ ጓደኝነት አልፈልግም። ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠላት አድርጎ የሚመጣ ፍትሕም አልፈልግም። ሁለቱን አብሮ የያዘ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ታቦር_ሥር

እህቴ፣ የእናትሽ ድካም ይገባኛል። እኔም በዚያ ሰሞን ልጆቼን አልጋ ሥር ደብቄ ያደርኩ ሰው ነኝ። ግን አሁን ከተማው ሰላም ነው፤ ሰው ማታ ሐይቁ ዳር በእግሩ ይንሸራሸራል። ይህ ሰላም ገና አልጠነከረም። ፍርድ ቤት ስትገቡ ሰፈሩ ለሁለት ይሰለፋል፤ ከተከሳሽ ጋር አንድ ወገን፣ ከምስክር ጋር አንድ ወገን። ከዚያ አንድ ጠጪ አንድ ቃል ይናገራልና የሚሆነውን እናውቀዋለን። ስለ አንድ የስፌት ማሽን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። እርቁን ተቀበሉ። ማሽኑን እኛ እዚህ ያለን አዋጥተን እንግዛላት፤ የመጀመሪያውን ብር እኔ አወጣለሁ።

ሐይቅ_ዳር_ያደገች

ወንድሜ፣ ከልብህ እንደሆነ ይታወቀኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ አሁን ማሽን አላት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። የጎደላት ሌላ ነው። እሷ በዚያ ጎዳና በየቀኑ ታልፋለች፤ ቡና የሚጠራት አለ፣ ሰላም የሚላት አለ። ሱቋን የሰበረው ማን እንደሆነ ስለማታውቅ ግን ሁሉንም ትጠረጥራለች። ሲኒ እያቀበሏት “ይሄ ይሆን? የዚህች ልጅ ይሆን?” እያለች ትጠጣለች። ሌባው በስሙ ቢታወቅ ሌላው ጎረቤት ሁሉ ነጻ ይወጣላት ነበር። አሁን ጥፋቱ ባለቤት ስለሌለው “እነሱ” ላይ ነው የተለጠፈው። “እነሱ” ውስጥ ደግሞ የጓደኛዬ አባት አሉበት። እኔ ፍርድ ቤቱን የፈለግኩት በዋናነት ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ከብሔሩ ላይ ወርዶ ያጠፋው ሰው ላይ እንዲቀመጥ።

ግማሽ_ግማሽ

አባቴ ሲዳማ፣ እናቴ ወላይታ። “ጥፋቱ ከብሔሩ ላይ ወርዶ” የሚለውን ሳነብ አለቀስኩ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እቆም ነበር። ፋይዳ ሳወጣ ያ መስመር የለበትም፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም እፎይ ብያለሁ። በ2010 ግን መታወቂያ የጠየቀን የለም፤ በአነጋገራችን ነበር የሚለዩን። እናቴ ያን ሳምንት ቤት ውስጥ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

የሎቄ_ልጅ

ይህን በቅን ልብ ተቀበዪኝ፤ ላስቀይምሽ አይደለም።

ስለ ሐዋሳ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከ2010 ይጀምራል፤ የእኛ ግን ከዚያ በፊት ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 የሐዋሳ ጉዳይ ይመለከተናል ብለው ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ ሲዳማዎች ሐዋሳ አጠገብ ሎቄ ላይ ተተኮሰባቸው። ከቤተሰቤ ሰው ሞቶብናል። አባቴ “ተኩስ ያለው ማነው?” እያለ ኖሮ መልሱን ሳይሰማ አረፈ። መታሰቢያው ዛሬ ቆሟል፣ በየዓመቱ አበባ ይቀመጣል፤ ለአባቴ ጥያቄ ግን ሐውልት መልስ አይሆንም። ክልል የመሆን ጥያቄያችንም ስንት ዘመን በጠባብነት ተፈረጀ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው ሲደረግ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። እዚያ እስክንደርስ ግን ብሔሩ ሌላ ሆኖ “ጥያቄያችሁ ጥያቄዬ ነው” ያለኝ ጓደኛ በጣት የሚቆጠር ነው። ኳስ አብረን ተጫውተናል፣ ሠርግ አብረን በልተናል፤ የእኔ ጉዳይ ሲነሣ ወሬ ይቀየር ነበር። የእናንተ ሲሆን ፍትሕ፣ የእኛ ሲሆን ሁከት። ጓደኝነት ይህ ከሆነ ምን ይጠቅመኛል?

የእናትሽ ሱቅ መሰበሩ በደል ነው። እሱን አልክድም።

ሐይቅ_ዳር_ያደገች

@የሎቄ_ልጅ፣ የጓደኛዬ አጎት ሎቄ ላይ ነው የሞቱት። ግንቦት 16 ሲመጣ አብሬያት እሄዳለሁ፤ እናቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፣ ከ2010 በኋላም አልቀረችም። ዘመዶቼ ቤት ስለ ክልልነት ክርክር ሲነሣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ ያለ መብት ነው እያልኩ ስከራከር ጠላት አፍርቻለሁ። ይህን የምነግርህ ለማስመስከር አይደለም። የአጎቷ ደም የእናቴን ሱቅ አያካክስም፣ የእናቴም ሱቅ የአጎቷን ደም አይሸፍንም፤ ሁለቱ ለየብቻ መልስ ይገባቸዋል። የአንዱን አፍ በሌላው ለማዘጋት ሲነሡ ነው የምቆጣው። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይባላል፤ እዚህ ከተማ ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ተወግተናል።

የሎቄ_ልጅ

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጥያቄዬ አልተነሣም፤ ጠቤ ግን ካንቺ ጋር አይደለም።

ጠበቃ_መሐል_ከተማ

የሕግ ጉዳዩን ላጥራው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሸወዳል።

“ክሱን አንሥቻለሁ” የሚለው ወረቀት የሚመስለውን ያህል አቅም የለውም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ እነዚያን ተበዳዩ ሊተዋቸው ይችላል። ሱቅ ሰብሮ መዝረፍም ሆነ የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግ ግን የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። እናትሽ ብትፈርምም መዝገቡን የሚዘጋው ወይም የሚቀጥለው ዐቃቤ ሕግ ነው። ፊርማዋ በርግጥ የሚጎዳው የካሳ መብቷን ነው። “ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም” ብላ ከፈረመች ነገ ካሳ ስትጠይቅ ያን ወረቀት አውጥተው ያሳዩአታል። ስለዚህ እንዳለ አትፈርም።

የካሳ ጥያቄ ከወንጀሉ መዝገብ ጋር ተጣምሮ ሊቀርብ ይችላል። ለብቻው በፍትሐ ብሔር ከሆነ ይርጋውን ተጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ግን ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ የሚሠራው ረጅሙ ነው። “ጊዜው አልፎበታል” ብሎ ያባረራችሁ ሰው ካለ ሁለተኛውን ንዑስ ቁጥር አላነበበም ማለት ነው።

ደግሞ እርቅና ፍርድ ቤት ጠላት አይደሉም። ጥሩ የእርቅ ሰነድ አርቅቄ አውቃለሁ። የተወሰደው ዕቃ ይዘረዘራል፣ የወሰደው ሰው በስሙ ያምናል፣ የሚመለሰው ነገርና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ ዐቃቤ ሕግም ፍርድ ቤትም በቅጣቱ ላይ ያዩታል። የእናንተ እድር ያመጣው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለበትም።

አያት_ከቱላ

ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ልጆቼ፣ በሶንጎ፣ በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ጠብ ሲመጣ ከዳቦ አይጀመርም። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አፊኒ ይባላል። ሰማህ ወይ፣ አየህ ወይ እየተባለ ይጠየቃል። ያየ ይናገራል፣ የሰማ ይናገራል። ያጠፋው ሰው በራሱ አፍ በሰው ፊት ይናገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፤ አንድ ቀን ካልበቃ በሌላ ቀን ይቀጠራል፤ አይቸኮልም። ሐላሌ ሳይወጣ፣ እውነቱ ማለቴ ነው፣ ማንም ማንንም አያቅፍም። እውነቱ ከወጣ በኋላ የጠፋው ይመለሳል ወይም ይካሳል። ምርቃት የመጨረሻው ነው። አሁን ወረቀት እያስፈረሙ ተቃቀፉ የሚሉ ሰዎች ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ከእኛ አልተማሩትም። ቁስሉ ሳይታጠብ ጨርቅ የጠመጠሙበት እግር ነው የሚሆነው።

ያቺን የእኛን ልጅ “ወገኗን አሳሰረች” የሚሏትን ስሙልኝ። በሶንጎ ሐላሌን የደበቀ ነው ወገኑን የሚያዋርደው። ልጅቷ ያደረገችው አባቶቿ ሲያደርጉ የኖሩትን ነው። አባቷን ባገኛቸው እጃቸውን እጨብጣለሁ።

ሐይቅ_ዳር_ያደገች

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ይህን ለጓደኛዬ አባት አነበብኩላቸው። ምንም አላሉም፤ “እንደገና አንብቢልኝ” ብቻ አሉኝ።

የፓርኩ_ሠራተኛ

ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ፈረቃ ልገባ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ በኋላ መጀመሪያ ከገቡት አንዷ ነኝ። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሴቶች ነን፤ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ከምባታ፣ ጌዴኦ። መጀመሪያ የየራሳችን ምግብ፣ የየራሳችን ጥግ ነበረን። ያቀራረበን “እንዋደድ” ብሎ የመከረን ሰው አይደለም። ደመወዛችን የቤት ኪራይ ከፍሎ ምግብ አያበላም ነበር፤ የግል ፋብሪካ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል ደግሞ አልነበረም። አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ እኛ ግን የምንኖረው ከወር ወር ነበር። እና አብረን ጠየቅን። መጀመሪያ ተለያይተን እንድንሄድ ሊያደርጉን ፈልገው ነበር፤ “የአንቺ ብሔር ልጆች አይጠይቁም፣ እነሱ ናቸው ረባሾች” ለእያንዳንዳችን በየተራ ተነገረን። ማታ ቤት ስንገናኝ ነው ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር እንደተባለ ያወቅነው!

ሌላም ልጨምር። ከስሪላንካ የመጣች አሠልጣኝ ነበረችን። በቀለምም በቋንቋም አንገናኝም፤ የእሷ ደመወዝ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። አንዷን ልጅ ተቆጣጣሪ በቁጣ ገፍቶ ሲጥላት ይህች ሴት ማሽኖቹን በሙሉ አስቆመችና አለቃውን ጠርታ ያየችውን ተናገረች። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቤታችን ትመጣለች፤ ዶሮ ስንሠራ በርበሬው አያቃጥላትም። በፊት ፈገግ ስትልልን አልቀረብናትም ነበር።

ከሐዋሳ_ሚኒያፖሊስ

ሚኒያፖሊስ ነው የምኖረው። ልጅነቴን ከአሞራ ገደል ዓሣ እየተሸከምኩ ነው ያሳለፍኩት። ይህን ክር ሳነብ እዚህ ያየሁት ፍርድ ትዝ አለኝ።

ጆርጅ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 በዚህ ከተማ ፖሊስ አንገቱን በጉልበት ተጭኖት ሲሞት ቪዲዮውን የቀረጸችው ዳርኔላ ፍሬዚየር የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ ናት። በቀጣዩ ዓመት ችሎቱ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ አይ ነበር። ከምስክሮቹ አንዷ ጄኔቪቭ ሀንሰን ናት፣ ነጭ ናት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ። በዚያ ቀን ሥራ ላይ ሳትሆን በመንገድ ስታልፍ አይታው የልብ ምቱን ልያዘው ብትል ፖሊሶቹ ከለከሏት፤ ችሎት ላይ ያን ስትናገር አለቀሰች። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ሪቻርድ ዚመርማን የሚባለው መርማሪ ፖሊስ ነው፤ ነጭ ነው፣ በመምሪያው ከእሱ የበለጠ ያገለገለ አልነበረም። የራሱ የሥራ ባልደረባ ላይ ቆሞ ያ ጉልበት ፈጽሞ አያስፈልግም ነበር ብሎ መሰከረ። “የራስህን ሰው” የሚለው ነገር እዚያም አለ፤ ፖሊስ በፖሊስ ላይ አይመሰክርም የሚባል ያልተጻፈ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2021 ገዳዩ ፖሊስ ዴሪክ ሾቪን በሦስቱም ክሶች ጥፋተኛ ተባለ።

እዚህ አገር ነጭና ጥቁር አብሮ እራት እንዲበላ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ እኔም ተጋብዤ ሄጃለሁ። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹም ደግ ናቸው። ጥቁር ጎረቤቶቼ ግን ስለ እራት ሲያወሩ አልሰማኋቸውም። ስለ መሰከሩት ያወራሉ።

ጓደኛሽ የመሰከረችው ስለ ስፌት ማሽን ቢሆንም እኔ ከእነዚህ ሰዎች ለይቼ አላያትም።

የታሪክ_መምህር

ከላይ የሎቄ ልጅ የጠየቀው ሳይመለስ እንዳያልፍ፤ ትልቅ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1964 ሦስት ወጣቶች አብረው ተገደሉ። ጄምስ ቼኒ ጥቁር ነበር፣ የዚያው አገር ልጅ። ማይክል ሽዌርነርና አንድሩ ጉድማን ከኒው ዮርክ የመጡ ነጭ አይሁዳውያን ነበሩ። ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን እንዲያገኙ ይሠሩ ነበር፤ ያን ቀን የሄዱት የተቃጠለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሊያጣሩ ነው። አስከሬናቸው ከአንድ የአፈር ግድብ ሥር ወጣ። በፍለጋው ሰሞን አገሩ ሁሉ ሲንጫጫ የሽዌርነር ሚስት ሪታ በጋዜጠኞች ፊት የተናገረችው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የጠፋው ቼኒ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር። ባሏ ጠፍቶባት፣ በሐዘኗ መሐል፣ የባሏ ደም ከጓደኛው ደም በልጦ እንዲቆጠር አልፈቀደችም። እኔ ለተማሪዎቼ ስለ ጓደኝነት ስናገር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለኝም። እናትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሎቄ መሄዷን ሳነብ ሪታን ነው ያስታወስኩት።

የዚያ ግድያ ዋና አደራጅ ኤድጋር ሬይ ኪለን የተፈረደበት ልክ በ41ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2005 ነው። 80 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ “ጊዜው አልፏል፣ ተዉት” የሚል ሰው ሲመጣ ይህን ቀን ንገሩት። ሎቄም 2010ም ገና ነው።

ደቡብ አፍሪካን ሁሉም ሰው እንደ እርቅ ምሳሌ ያነሣታል። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ተበዳዮችን በአደባባይ ሰማ፤ ገዳዮችም ምሕረት የሚያገኙት ያደረጉትን ሙሉ በሙሉ ከተናገሩ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አያት ከቱላ ካሉት ጋር ይመሳሰላል። ካሳው ላይ ግን ደከሙ። ኮሚሽኑ ለበርካታ ዓመታት የሚከፈል ካሳ ሐሳብ ሲያቀርብ መንግሥት በመጨረሻ ለአንድ ተበዳይ የሰጠው የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ ነው። ብዙ እናቶች ተናግረው፣ አልቅሰው፣ ይቅር ብለው ወደዚያው ጎጆ ተመለሱ። ቂሙ እስከ ዛሬ የሚሰማው በዚህ ነው።

የእኛም መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 አጽድቋል። ፖሊሲው እውነት ማፈላለግንም፣ ክስንም፣ ካሳንም ይዟል። እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች ይዘው የሚቀርቡት ጉዳይ ነው ወረቀቱን ሥራ የሚያደርገው።

ታቦር_ሥር

ሁሉንም አነበብኩ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እናንተ ስለ እውነት ትጽፋላችሁ፣ እኔ ስለ አንዲት ልጅ እያሰብኩ ነው። ተከሳሹ ዘመድ አለው፣ ዘመዱ ወንድም አለው። ልጅቷ ማታ ከሥራ ስትመለስ ማን አብሯት ይሄዳል? እዚህ የምታጨበጭቡ ሁሉ ይህን መልሱልኝ።

ጠበቃ_መሐል_ከተማ

@ታቦር_ሥር ልክ ነህ፤ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለ፤ ሆኖም የታሰበው ለከባድ ወንጀሎች ስለሆነ እዚህ ላይ ላይሠራ ይችላል። ዛቻ ከደረሰባት ግን ዛቻው ራሱ ወንጀል ነው፤ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ትመዝግብ፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ትያዝ። የመጣ ጽሑፍ ካለ አትደምስሰው። ዐቃቤ ሕጉም ይወቀው።

የሎቄ_ልጅ

@ታቦር_ሥር እኔ እሄዳለሁ። ሰፈሩን አውቀዋለሁ፣ ባጃጅ አለኝ። ማታ ማታ በእኔ ትመለስ፤ ሒሳብ የለም። ሐይቅ ዳር ያደገች፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሐይቅ_ዳር_ያደገች

ጻፍኩልህ ወንድሜ።

ለሁላችሁም፦ እድሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። እናቴ አትፈርምም፤ ግን ትሄዳለች። ጠበቃው እንዳሉት ዕቃው የተዘረዘረበት ወረቀት አዘጋጅተናል፤ ማሽኑ፣ የአሥራ ሁለት ደንበኛ ልብስ፣ አራት ጣቃ አቡጀዲ። ማሽኑን የያዘችው ሴት ከማን እንደገዛችው በሰው ፊት ትናገር ነው የምንለው። እሷ ራሷ ተታልላ ገዝታ ከሆነ እናቴ ካሳ አትጠይቃትም፤ ይህንንም ጽፈናል። ሴትየዋም ልጆች አሏት፣ በዚያ ማሽን ነው የምታሳድጋቸው፤ እናቴን ይህ እንቅልፍ ነስቷታል። ጓደኛዬ ይህን ክር ስታነብ ቆይታለች፤ አሁን ራሷ መጻፍ ትፈልጋለች።

ጓደኛዋ

ሰላም። ስሜን አልጽፍም።

እዚህ ብዙ አመሰገናችሁኝ፤ ደስ ቢለኝም አንድ ነገር እንድታስተካክሉልኝ እፈልጋለሁ። ለጓደኛዬ ብዬ የመሰከርኩ መስሏችኋል። እሷን እወዳታለሁ፣ እህቴ ናት። ግን ለማላውቃት ሴት ቢሆንም እመሰክር ነበር። እነዚያ ልጆች ሱቁን ሲሰብሩ “ለሲዳማ ነው” ብለው ነው የሰበሩት። እኔ ሲዳማ ነኝ። አጎቴ የሞተበትን ጥያቄ ሰበብ አድርገው ነው ጨርቅ የተሸከሙት። አጎቴ ሎቄ የወጣው የሰው ሲንጀር እንዲወሰድ አይደለም። ዝም ብል ኖሮ በስሙ የተሰረቀውን ተቀብያለሁ ማለት ነው። አባቴም ያን ሌሊት በር ላይ የተቀመጠው ለጎረቤት ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ በማን ስም እንደሚሮጡ ይሰማ ስለነበረ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ጭቅጭቅም አለን። እሷ “እናንተ” የምትልበት ጊዜ አለ፣ እኔም እላለሁ። ያኔ እንቆጣለን፣ ከዚያ እናወራለን። ስለ ሎቄ የማይመቻትን ነገር እነግራታለሁ፣ ስለ 2010 የማይመቸኝን ትነግረኛለች። ሐምሌ 2011 ላይ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። መጨረሻ ላይ እናቷ ናት ሁለታችንንም ጠርታ ሽሮ ያበላችን። ያን ቀንም የተጣላንበትን ጉዳይ አልዘለልነውም፤ እየበላን እንደገና ተከራከርንበት።

አሁን ግን ለዚህ አይደለም የጻፍኩት። እኔ ያየሁት ማሽኑን ነው፤ ሱቁ ሲሰበር አላየሁም። በዚያ ምሽት ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ሰዎች ነበሩ፤ ማሽኑን ለሁለት ተሸክመው ሲያወጡት ያዩ አሉ። ከመካከላችሁ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ሲዳማም ሁን ወላይታም ሁኚ፣ እባካችሁ ኑ። ብቻዬን ነኝ። አንድ ሰው ከተጨመረ መዝገቡ ጸንቶ ይቆማል።

ጠበቃ_መሐል_ከተማ

ይህን ያነበበና ያየ ሰው ካለ፣ እዚህ ክር ላይ ምንም አይጻፍ፤ የተጠርጣሪ ስምም አይጠራ። በቀጥታ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቃሉን ይስጥ። አብሮት የሚሄድ ጠበቃ ለሚፈልግ እኔ ያለ ክፍያ እሄዳለሁ። እሑድ እድሩ ጋም እገኛለሁ፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ ሳላነበው ማንም እንዳይፈርም ለእናትሽ ንገሪያት።